የሐይቅ ጾምና ፍስክ

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ «በሐይቅ ፕላንክተንና ባክቴሪያ ዘንድ የምግብ ንጥረ ነገሮች ሚዛን በየወራቱ ስለ መለዋወጡ» ተብሎ ተለጥፏል። ይህን አንብቦ ምሽቱን በሌላ ሥፍራ ለማሳለፍ የወሰነ ተማሪ ቢኖር አልፈርድበትም። የመጣችሁትን ግን እንዳታዝኑ ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ እጀምራለሁ።

በዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የምንኖር ጥቂቶች አይደለንም። ጧት ፊታችንን የታጠብንበት ውኃ፣ የሳሕኑ እጣቢ፣ የልብሱ ሳሙና፣ የመጸዳጃ ቤቱም ፍሳሽ ጭምር፣ ተጣራም አልተጣራም፣ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ታላቁ አቃቂ ይወርዳል። ታላቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውኃ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወስደዋል። ወደ ላይ ብንመለከት ደግሞ ገፈርሳ፣ በቡራዩ በኩል ያለው የመጠጥ ውኃ ግድብ፣ በትንሹ አቃቂ ራስ ላይ ነው፤ ለገዳዲም በታላቁ አቃቂ ራስ ላይ ነው። እንግዲህ አንዱን ወንዝ ከከተማው በላይ እንጠጣዋለን፣ ከከተማው በታች ደግሞ እናፈስበታለን ማለት ነው። ስለ ሐይቅ ስናገር ስለ ገዛ ጓዳችን መናገሬ መሆኑን ስለዚህ ልብ በሉልኝ።

አስቀድሜ ስሞቹን ላስተዋውቅ። ፕላንክተን የሚባሉት እንደ ዓሣ ወደ ፈቀዱበት ለመዋኘት ዐቅም የሌላቸው፣ ውኃው ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። አንደኛው ወገን አልጌ ነው፤ እንደ ማንኛውም ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ወገን አልጌውን የሚመገቡት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ባክቴሪያ ከሁሉም ያንሳል፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ የሐይቅ ውኃ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ይገኛል። ባክቴሪያ በተባለ ቁጥር በሽታ ብቻ ትዝ የሚለን ከአንደኛ ደረጃ የጤና ትምህርት የተነሣ ይመስለኛል። እርሱ ባይኖር የሞተው ሁሉ ሳይፈርስ እየተከማቸ ሐይቁ መቃብር ብቻ በሆነ ነበር።

እነዚህ ፍጥረታት ሥጋቸውን የሚሠሩት በዋናው ከካርቦን፣ ከናይትሮጂንና ከፎስፈረስ ነው። ሬድፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 የባሕር ፕላንክተንን መርምሮ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስታወቀ፤ ፕላንክተኑ ከየትም ባሕር ቢቀዳ የሥጋው ሚዛን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ተስተካክሎ በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው ቁጥር ለአንድ ፎስፈረስ 16 ናይትሮጂንና 106 ካርቦን ነው። ጠላ የሚጠምቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ጌሾው ካለቀ ብቅል በእጥፍ ቢጨመር የሚገኘው ጠላ አይደለም። ገበሬዎቻችንም ዳፕና ዩሪያ ወይም ኤን.ፒ.ኤስ.ና ዩሪያ እያሉ ሁለቱን አብረው የሚፈልጉት ስለዚህ ነው። ዩሪያ ናይትሮጂን ብቻ ነው፤ ፎስፈረስ በሌለበት መሬት ዩሪያውን ብቻ መከመር ብር መበተን ነው።

የባክቴሪያ ሥጋ ግን ከአልጌው ይለያል። ከካርቦኑ ጋር ሲመዛዘን ፎስፈረስ የበዛበት ነው። ከዚህ ልዩነት የሚመጣውን ነገር ባወቅሁ ጊዜ እጅግ ተደንቄአለሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ብዘገይበት ይቅርታ ይደረግልኝ።

በትምህርት ቤት የተነገረን ባክቴሪያ የሞተውን አፍርሶ ምግቡን ለአልጌ ይመልሳል የሚል ነበር። ይህ እውነት የሚሆነው የሚፈርሰው ነገር ራሱ በፎስፈረስ የበለጸገ ሲሆን ነው። የሚፈርሰው ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ከፎስፈረስ የተራቆተ አልጌ ከሆነ ግን ባክቴሪያው ለራሱ ስለሚጎድለው መስጠቱን ትቶ ከውኃው ውስጥ ይሻማል። ሽሚያውም እኩል አይደለም። ባክቴሪያ ደቃቅ በመሆኑ ለሰውነቱ መጠን የቆዳው ስፋት ትልቅ ነው፤ ጥቂቷን ፎስፈረስ ቀድሞ የሚነጥቅ እርሱ ነው። ይባስ ብሎ ፎስፈረስ ያጣው አልጌ ብርሃን እያገኘ ስኳር መሥራቱን አያቆምም፤ ሥጋ ሊያደርገው ስላልቻለም ስኳሩን ወደ ውኃ ያፈስሳል። ስኳሩን የሚበላው ማን ነው? ያው ባክቴሪያ ነው። በልቶም በርትቶ የቀረችውን ፎስፈረስ ይወስዳል። ራሱ ተርቦ ለባላጋራው ስንቅ የሚያቀብል ፍጥረት ማለት ይህ ነው። ብራትባክና ቲንግስታድ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ነገሩን እንቆቅልሽ ብለው ጽፈውበታል። እንቆቅልሹን የሚፈቱት ደግሞ አንድ ሕዋስ ያላቸው ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ ባክቴሪያውን እየበሉ የተረፋቸውን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ስለሚያስወግዱ አልጌው ድርሻውን በእነርሱ በኩል ያገኛል። ስለዚህ በሐይቅ ውስጥ «ምን ያህል ምግብ አለ?» ብቻ ሳይሆን «በማን እጅ ነው? በምን ሚዛን? በየትኛው ወር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ወራቱ ልለፍ። በእጃችን ያሉት የትምህርት መጻሕፍት የሚተርኩት ስለ አውሮፓና ስለ አሜሪካ ሐይቅ ነው። በረዶው ቀልጦ ጸደይ ሲገባ ውኃው ከላይ እስከ ታች ይቀላቀላል፤ አልጌው ያብባል፤ በበጋ ምግቡ ያልቃል፤ ቅጠል ሲረግፍ ውኃው እንደ ገና ይቀላቀላል። ይህንኑ ለፈተና ሸምድደን ጽፈናል። የእኛ ሐይቅ ግን በረዶ አያውቅም፤ መጋቢትም ለእርሱ የአበባ ወር አይደለም። ወሩን የሚቆጥረው በሁለት ነገር ነው፤ በክረምት ጎርፍና በኅዳር ሌሊት ቁር።

ክረምቱን እንመልከት። ሰኔ ሲጋመስ ቀይና ጥቁር አፈር ከእርሻው ተጠርጎ ይወርዳል። አብሮ ፋንድያው፣ ገለባው፣ ማዳበሪያውም ይወርዳል። የምግብ ድግስ የገባ ይመስላል። ይሁንና ውኃው ስለ ደፈረሰ ብርሃን አያልፍም፤ የመጣው ፎስፈረስም አብዛኛው ብረት ከበዛበት ሸክላ ጋር ተጣብቋል። አልጌው ማዕድ ቀርቦለት በጨለማ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቤቱ የባክቴሪያው ነው፤ ባክቴሪያ ብርሃን አያሻውም፤ ጎርፉ ያመጣውን ገለባና ፋንድያ እያፈረሰ ኦክሲጅኑን ይጨርሳል።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ አፈሩ ይዘቅጣል፤ ብርሃን ይገባል፤ ጾሙም ያበቃል። ይህ ግምት አይደለም። አያሌው ወንዴ፣ ሥዩም መንግሥቱ፣ እሸቴ ደጀንና ሆላንዳዊው ባልደረባቸው ቫይቨርበርግ በጣና ላይ አድርገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ባሳተሙት ጥናት የጣና አልጌ ከሁሉ የበለጠ ምርት የሚሰጠው ከክረምቱ ማግሥት፣ በጥቅምትና በኅዳር ግድም መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱንም ምግቡና ብርሃኑ በአንድ ጊዜ በመገናኘታቸው ተርጉመውታል። ሁለቱ በሌላ ወር ለየብቻ ቢኖሩም አይረቡም።

ሁለተኛው ነገር የሌሊቱ ቁር ነው። ሞቅ ያለ ውኃ ቀላል በመሆኑ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። የእኛ ሐይቆች የላይና የታች ሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይህን አይቶ ይቀላቀላሉ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ውኃ ከ20 ወደ 21 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀልለው ከ4 ወደ 5 ሲሞቅ ከሚቀልለው ከሃያ ጊዜ በላይ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር አንዲት ዲግሪ እንደ ወፍራም ክዳን ናት። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ከታች ያለው ባክቴሪያ ከላይ የሚዘንበውን ሬሳ ያፈርሳል፤ ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ ኦክሲጅን ሲጠፋ ብረቱ አጥብቆ የያዘውን ፎስፈረስ ይለቅቃል። የናይትሮጂኑ ዕጣ ሌላ ነው፤ አንዱ ክፍል አሞኒያ ሆኖ ይከማቻል፣ ሌላው ክፍል በልዩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ጋዝ ተለውጦ ወደ አየር ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ከታች የሚጠራቀመው ምግብ ብዙ ጊዜ ወደ ፎስፈረሱ ያዘነበለ ይሆናል።

ከዚያም ኅዳርና ታኅሣሥ ይመጣሉ። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ይነጣል። የሐይቁ ገጽ ሙቀቱን ለሰማይ እየሰጠ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይሰጥማል፤ ክዳኑ ይከፈታል። በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ባክስተር፣ ፕሮሰርና ውድ ከእንግሊዛዊው ታሊንግ ጋር ሆነው በ1,500 እና በ2,000 ሜትር ከፍታ መካከል ስላሉት የአፍሪካ ሐይቆች በ1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጻፉት ጽሑፍ የቢሾፍቱን እሳተ ገሞራ ሐይቆች በዚህ ዐይን የተመለከተ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር ያህል ጥልቅ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐይቅ ድንገት ሲገለበጥ ኦክሲጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣውን ሊያፍነው ይችላል። በነዚህ ወራት በቢሾፍቱ ዓሣ በጅምላ ሞቶ ሲንሳፈፍ ሰው መርዝ ተጨመረ ወይም ሐይቁ ተቆጣ ይላል። ሐይቁ ግን ያደረው ማዕዱን አወጣ እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም። የዓሣው ሞት ካለፈ በኋላም አልጌው በወጣው ምግብ ይፋፋል።

የትኛው አልጌ? ሚዛኑ የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ፎስፈረስ 16 ናይትሮጂን ካልደረሰ ተራው አልጌ ናይትሮጂን ያጥረዋል። ሳያኖባክቴሪያ ከሚባሉት መካከል ግን አንዳንዶቹ ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዳሉ፤ አየር ሰባ ስምንት ከመቶው ናይትሮጂን ነውና። ገበሬው ስንዴ ባደከመው መሬት ላይ ባቄላ የሚዘራው በባቄላው ሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ ስለሚሠሩ ነው። ልዩነቱ ባቄላ ይበላል፤ ከነዚህ የሐይቅ ፍጥረታት ግን አንዳንዶቹ ጉበትን ወይም ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አላቸው። በለገዳዲ ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የታተመ የአገራችንና የሆላንድ ተመራማሪዎች ጥናት በዚህ የመጠጥ ውኃ ግድብ ውስጥ ሳያኖባክቴሪያንና መርዛቸውን ለክቶ አስታውቋል። ይህን የምናገረው የቧንቧ ውኃ እንድትፈሩ አይደለም፤ ግድቡ ከማጣሪያው በፊት ያለ ጥሬ ውኃ ነው። ነገር ግን ማጣሪያው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ወራቱን የሚቆጥር ሰው ሲኖር ነው።

አሁን ወደ አባ ሳሙኤል እንውረድ፤ የንግግሬ ዋና ነገርም ይህ ነው። እስካሁን እንደ ተረክሁት ጤነኛ ሐይቅ ጾምና ፍስክ አለው። በክረምት ይቀበላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይገድፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሁለተኛ ማዕድ ይወጣለታል፤ በሐሩሩ ወራት ክዳኑ ተዘግቶ ከላይ ያለው ወገን ይጾማል። ጾሙ ጥቅም አለው። በብዛት የተራባውን አልጌ የሚያከስመው፣ ውኃውንም የሚያጠራው እርሱ ነው።

አባ ሳሙኤል ይህን ወራት አጥቷል። ግድቡ ከአገራችን የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ለብዙ ዘመን ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. 6.6 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። ወደ እርሱ የሚገባው ፍሳሽ ግን በዓል አያውቅም። ሰው በጾምም በፍስክም ይታጠባል፣ ይጸዳዳል። ክረምት ሲሆን ጎርፉ ፍሳሹን ያቀጥነዋል፤ በጋ ሲሆን የወንዙ ምንጭ ይመነምንና የፍሳሹ ድርሻ ያይላል። ስለዚህ የአባ ሳሙኤል የቀን መቁጠሪያ ተገልብጧል። ሌላው ሐይቅ በሚጾምበት በየካቲትና በሚያዝያ፣ ብርሃኑ በበረታበት፣ ውኃው በሞቀበት ጊዜ፣ እርሱ ከሁሉ የወፈረውን ምግብ ይቀበላል። ባክቴሪያው ሌሊትና ቀን ሲያፈርስ ኦክሲጅኑ ይጠፋል፤ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይቀራል። እምቦጭ የሚወድደው እንዲህ ያለውን ውኃ ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ታየ ተብሎ አገር የተሸበረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ነው፤ በቆቃና በአዋሽ ግን መኖሩ በ1965 ተመዝግቦ ነበር። የሩቁን ሐይቅ ለማረም ገንዘብ ያዋጣን ብዙ ነን፤ ከደጃችን ወርዶ ስለሚያልፈው ውኃ ግን የጠየቀ አላየሁም።

«ማጣሪያ አለ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አለ። የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ ተስፋፍቷል፤ ለአዳዲሶቹ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮችም ለየብቻ ማጣሪያ መሥራት ተጀምሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የተለመደው ማጣሪያ በተለይ የሚያስወግደው የሚሸተውንና የሚበሰብሰውን፣ ማለት ካርቦኑን ነው። ናይትሮጂኑና ፎስፈረሱ ከጠራው ውኃ ጋር አብረው ሊወጡ ይችላሉ። ውኃው ለዐይን ጥሩ ነው፤ ለአልጌ ደግሞ የተዘጋጀ ማዳበሪያ ነው።

እንግዲህ ናይትሮጂኑንም ለማውጣት ቢታሰብ ደግ ይመስላል። እዚህ ላይ የካናዳውን ልምድ ልጥቀስ። ሺንድለርና ባልደረቦቹ 227 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ትንሽ ሐይቅ ከ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምረው ማዳበሪያ እየጨመሩ መረመሩት። ከጊዜ በኋላ ናይትሮጂኑን ቀነሱ፤ ከ1990 ጀምሮም ፈጽመው ተዉት፤ ፎስፈረሱን ብቻ ቀጠሉ። ሐይቁ አልጠራም። ከአየር ናይትሮጂን የሚወስዱት ሳያኖባክቴሪያዎች ጉድለቱን ሞሉና አልጌው እንደ በዛ ቀረ። የሠላሳ ሰባት ዓመቱን ውጤት በ2008 አሳትመዋል። ሁሉም ሊቅ በዚህ አልተስማማም፤ በሞቃት አገር ናይትሮጂኑም አብሮ መቀነስ አለበት የሚሉ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩን በካናዳ ሐይቅ ብቻ መዝጋት አይገባንም፤ የካናዳ ሐይቅ በረዶ ያውቃልና። ለኮዬ ፈጬና ለሰበታ ማጣሪያ ሲሠራ ምን እንዲያወጣ ይታዘዝ? ይህ በብዙ ሚሊዮን ብር የሚወሰን ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው በአቃቂ ውኃ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሳይንስ ክፍል ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች በየወሩ አንድ ቅዳሜ በሁለት ቡድን ተከፍለን አንዳችን ወደ ለገዳዲ፣ አንዳችን ወደ አባ ሳሙኤል እንሂድ፤ ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ያለውን ውኃ በአንድ ቀን እንቅዳ። አሥራ ሁለት ወር ሳይቋረጥ። ስድስት ወር ብቻ ከሆነ ባንጀምረው ይሻላል፤ ጾሙን ለክቶ ፍስኩን መዝለል ነውና። ለአሞኒያ፣ ለናይትሬትና ለፎስፌት የሚሆነውን ኬሚካል ትምህርት ክፍሉን እንጠይቅ፤ ባክቴሪያ መቁጠር ዐቅማችንን የሚያልፍ ቢሆን በሰበታ ያለውን የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ምክር እንለምን። የውኃውን ጥራት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። ሴኪ የተባለው ኢጣልያዊ ቄስ በ1865 ያወጣው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ሃያ ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ነጭ ክብ ሳሕን በገመድ አስሮ ወደ ውኃ ማውረድና ከዐይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መመዝገብ ነው። የገንፎ ሳሕን የሚያህል ቆርቆሮ ቀለም ቀብተን በአንድ ከሰዓት በኋላ እንሠራዋለን።

ለሒሳቡ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቤተ ሙከራ የሚሰጠን ቁጥር በሚሊግራም ነው፤ የሬድፊልድ ቁጥር ግን በአቶም ብዛት ነው። የናይትሮጂን አቶም ክብደት 14፣ የፎስፈረስ 31 ስለሆነ 16 ለ1 የተባለው ሚዛን በክብደት 7.2 ለ1 ይሆናል። ይህን የዘነጋ ሰው ፎስፈረስ ያነሰውን ውኃ ፎስፈረስ የተትረፈረፈበት ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ገመዱን በየሃምሳ ሳንቲሜትሩ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ጠርሙሶቹም ታጥበው ተቀምጠዋል። ጀልባ የለንም፤ ለጊዜው ከግድቡ ዳር ለመቅዳት የሚያስፈልገው የባለ ሥልጣናቱ ፈቃድ ነው፤ ደብዳቤውን የኅብረቱ ጸሐፊ እንዲጽፍልን እለምናለሁ። ስማችሁን የምትመዘግቡበት ወረቀት ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።